አባቱ ያልቀመሰው ውሃ

ቡሉክ ከሚባለው የጁባ ሰፈር ጀርባ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ባለበት ግቢ ጥግ ላይ አንድ የውሃ ጉድጓድ አለ። የጀመረው ሳንድሮ የሚባል አብሮኝ የሚሠራ ጣሊያናዊ ነው፤ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ስለ ጣሊያን ጉዞዬ ልጽፍ ተነሥቼ ከጁባ ጉድጓድ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደዚያ የሄድኩት አገር ለማየት ሳይሆን በዚህ ጉድጓድ የተነሣ ነው።

ሳንድሮን ወባ የጣለው ዓለቱ ማላብ በጀመረበት ሰሞን ነበር። ውሃው መቅረቡን በእጁ ዳስሶ አውቆ፣ ሳያየው ሞተ። ሬሳው ወደ አገሩ ተላከ። እኔም ሐዘኑ ትንሽ ሲበርድልኝ ወርጄ የቀረውን ቆፈርኩ፤ ውሃው መጣ። ናሙናውን የመረመሩት ሰዎች «ይጠጣል» አሉ። ግን ማንም አልጠጣውም። ማማ ኬጂ ከለከሉ።

ማማ ኬጂ የግቢው ባለቤት ናቸው። ረጅም አሮጊት፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፤ ሰፈሩ ግን ይሰማቸዋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው በጁባ አረብኛ እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ሃበሻ፣ ይህን የቆፈረው የሰው ልጅ ነው። የእኔ ልጅ በጦርነቱ የት እንደወደቀ፣ ማን አፈር እንዳለበሰው አላውቅም። ስለዚህ የሌላ ሰው ልጅ ያለቀበትን ውሃ አባቱ ሳያውቅ አልጠጣም። መጀመሪያ አባቱ ይቅመሰው።»

«አባቱ እኮ ያሉት ጣሊያን ነው፣ ማማ።»

«ታዲያ ጣሊያን መንገድ የለውም?»

ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደኑት፤ በላዩም ድንጋይ ጫኑበት። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ድሮው ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። ዝናብ ሲጀምር የወንዙ ውሃ ልጆችን በተቅማጥ ይጥላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም ድንጋዩ አልተነሣም።

የሳንድሮ እኅት ፓኦላ መምህርት ናት፤ አልፎ አልፎ ስትደውልልኝ በእንግሊዝኛ እንነጋገር ነበር። አባቷ ከቀብሩ ወዲህ የልጃቸውን ስም እንዳልጠሩ፣ ከቤታቸው ሥር ያለውን ጥንታዊ ጉድጓድም ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው እንደከተቱ ነገረችኝ። «አጠገቡ የነበረውን ሰው ቢያዩ» አለችና ትኬት ላከች። ቪዛው ከአንዱ ዝናብ እስከ ሌላው ዝናብ አስጠበቀኝ። ጊዜው ደቡብ ሱዳን ለነጻነቷ ድምፅ ከሰጠችበት ሪፈረንደም በፊት ያለው ዓመት ነው።

ስለዚያ ጥንታዊ ጉድጓድ ሳንድሮ ብዙ ጊዜ አውርቶልኛል። የቆፈሩት ኤትሩስካውያን የሚባሉ፣ ሮም ገና ሮም ሳትሆን በዚያ አገር ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። እኔ ያደግኩት ያቤሎ ነው። የቦረናን ኤላዎች፣ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ከብት የሚያጠጡባቸውን ጥልቅ ጉድጓዶች እያየሁ አድጌአለሁ። ሥራውን የተማርኩትም እንዲሁ በማየት ነው፤ ሌላ ትምህርት የለኝም። ስለዚህ ሳንድሮ የአባቱን ጉድጓድ ሲያነሣ ሥራዬን አቁሜ እሰማው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት ማማ ኬጂ ድንጋዩን አስነሥተው ራሳቸው ቀዱ። በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝና «አንተም እንዳትቀምሰው» አሉኝ።

ከዚያ በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ወደ ማላኪያ ሰፈር፣ ወደ እትዬ ዘውዴ ምግብ ቤት ሄድኩ። ሳንድሮ ምሳውን የሚበላው እዚያ ነበር፤ በርበሬ ስለማይችል ነጭ ሽሮ ታሠራለት ነበር። እትዬ ዘውዴ ከእኔ በላይ ለመንገዱ ተዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራለች። የራሷን ነጠላ አጥባ አጥፋለች።

«ነጠላውን አዘቅዝቀህ ልበስ» አለችኝ። «በር ላይ ስትደርስ አንገትህን ድፋ። ብላ ሳይሉህ እንዳትበላ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እናንተ ጴንጤዎች ልቅሶ አትችሉበትም። ሰው ገና እንባው ሳይወርድ መዝሙር ትጀምራላችሁ። አደራ፣ መጀመሪያ አልቅስ!»

«ፈረንጆች እንደኛ አያለቅሱም ይባላል።»

«ልጅ የሞተበት ሰው ሁሉ ያለቅሳል። አልቃሽ አጥቶ ይሆናል እንጂ።»

ጠርሙሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። ሻንጣዬ ውስጥ ልከተው ስል እጄን መታችኝ። «ሻንጣ ይጠፋል! የማን ሻንጣ ነው ሳይጠፋ የደረሰው? ከእጅህ እንዳይለይ።» እውነቷን ነው አልኩ። የአገሬ ሰው ዘመድ ጋ ሲሄድ ልብሱን ለሻንጣ ይሰጣል፤ ውድ ያለውን ግን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው የሚጓዘው።

ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ «ሞያ?» አለኝ፤ ውሃ ነው ወይ ማለቱ ነው። «ሞያ» አልኩት። አሳለፈኝ።

አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስቀይር ግን አንዲት ወጣት ፈታሽ ጨርቁን ፈታችና ራሷን ነቀነቀች።

«ወንድሜ፣ ፈሳሽ በእጅ ይዞ ማለፍ አይቻልም።»

«ውሃ ነው።»

«ውሃም ፈሳሽ ነዋ።» ጨርቁን ደግማ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠበል ነው እንዴ?»

አይደለም አልኳት፤ ነገሩንም ባጭሩ ነገርኳት። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ አውሮፕላን አለብን!» አለ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«በቃ፣ እዚሁ ጠጣው» አለችኝ።

«እኔ መጠጣት አልችልም። መጀመሪያ የሚቀምሱት አባቱ ናቸው።»

«እንግዲያው መጣሉ ነው።»

አጠገቧ ያለው ቅርጫት በሰው ለስላሳና ሽቶ ጠርሙስ ተሞልቷል። ሳላስበው ጠርሙሱን ወደ ደረቴ ሳብኩት። አየችኝ፤ ከዚያ በመስኮቱ ሥር ወዳለው ትልቅ የአበባ ተክል በአገጯ አመለከተችኝ። «አፈር ላይ ቢፈስ ይሻላል፣ አይደል?»

ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። አፈሩ ደርቆ ነበር፤ ወዲያው መጠጠው። ባዶውን ጠርሙስ በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችልኝና «ባዶውን ያሳልፉሃል» አለችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉ ሲተኛ እኔ ባዶ ጠርሙስ አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ወደ ልቅሶ ባዶ እጅን መሄድ ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ የሄድኩበትን ምክንያት ራሱን አፍስሼ መሄዴ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ስለ ሮም የምለው የለኝም፤ ያየሁት የባቡር ጣቢያዋን ብቻ ነው። ሻንጣዬ ሳይጠፋ መድረሱን ግን መጻፍ አለብኝ።

ባቡሩ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ከብት ግን አይታይበትም፤ ይህን ሁሉ ሣር ማን ይበላዋል እያልኩ አሰብኩ። ኦርቪዬቶ የምትባለው ከተማ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ተቀምጣለች። የአምባው ዓለት ቡናማ ቢጫ ነው፣ ለመጥረብ የማያስቸግር ዓይነት። ከጣቢያው ወደ ላይ የሚያወጣው በገመድ የሚሳብ ባቡር ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። እኛ ጉድጓድ ላይ በባልዲ የምንሠራውን እነሱ በሰው ይሠሩታል።

ፓኦላ ከታች ተቀበለችኝ። ፊቷን ሳይ ሳንድሮን አየሁ፤ ግንባሯ የእሱ ነው። ነጠላዬን ከሻንጣ አውጥቼ አዘቅዝቄ ለበስኩ። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም።

አባቷ ኤቶሬ ይባላሉ። ሽማግሌን በስሙ ብቻ መጥራት ስለማይሆንልኝ በልቤ ጋሽ ኤቶሬ እላቸው ነበር። በር ከፈቱ። እኔ እንደታዘዝኩት አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆምኩ። ቤቱ ባዶ ነው። የተነጠፈ ፍራሽ የለ፣ ጎረቤት የለ። ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። አባረሩኝ ብዬ ስፈራ ወፍራም ኮት ይዘው ተመለሱና በነጠላዬ ላይ ደረቡልኝ። በርዶት ነው ብለው ነበር።

እራት ላይ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጌ ምድጃው አጠገብ ካለው የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ሳህኔን እዚያው አመጡልኝ። የምስር ሾርባ ነበር፣ እንደኛው ምስር ክክ ያለ፣ በርበሬ ብቻ የሌለው። ዳቦው ግን ጨው አልነበረውም። ለሐዘን ጨው ትተዋል ብዬ እኔም ዝም ብዬ አላመጥኩ። ኋላ ፓኦላን ስጠይቃት ሳቀች፤ የአገሩ ዳቦ ድሮም ጨው የለውም። ጋሽ ኤቶሬ ወይን ሲቀዱልኝ እኔ አልጠጣም አልኩ። ቅር ያላቸው መሰለኝ። ጠርሙሱን መለሱና ከቧንቧ ውሃ ቀድተው ፊቴ አኖሩ። ያን ብርጭቆ አይቼ ስለ ሌላው ውሃ መናገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

የሳንድሮ ፎቶ የትም አልተሰቀለም። ስሙን ማንም አላነሣም። እኛ ጋ ቢሆን በዚህ ሰዓት ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጥፋቱ፣ ስለ ቀልዱ አንዱ ሲያወራ ሌላው ሲያለቅስ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ፓኦላ ትልቁን ቤተ ክርስቲያናቸውን አሳየችኝ። ፊቱ በወርቅ ቀለም ሥዕል ተሸፍኗል፤ ውብ ነው። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ቤቱ ጋ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ኤቶሬ ከቤቱ ጎን ባለች ትንሽ የሥራ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ቋንቋ ስለሌለን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መሣሪያ እየጠቆምኩ በእኛ አገር ስሙ ጠራሁት። «ማርቴሎ» አልኩ። ቀና አሉ። «ፒንሳ» አልኩ። «ካቻቢቴ» አልኩ። በዚህኛው አስተካከሉኝ፣ መጨረሻው ላይ ረዘም ያደርጉታል፤ ከዚያ ግን በግራ ጉንጫቸው ፈገግ አሉ። የእኛ ግንበኞች እነዚህ ቃላት የነሱ መሆናቸውን ረስተዋል። እሳቸውም እኛ ጋ መኖራቸውን አያውቁም ነበር።

ከሻንጣዬ ሳንድሮ የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበትን ቱንቢ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገመዱ ያረጀ፣ ነሐሱ አንድ ጎኑ የተጫረ ነው። የእሳቸው ነበር። ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ግድግዳው ላይ ባዶ ወደሆነ ምስማር ሄደው ሰቀሉት፤ ገመዱ መወዛወዙን እስኪተው ቆመው ጠበቁ። 

ማታ ዕቃ ስናጥብ ለፓኦላ የውሃውን ነገር ነገርኳት። ባዶውን ጠርሙስ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና ከእጄ ወስዳ ቧንቧው ሥር አደረገችው።

«እንሙላው» አለችኝ። «አባቴ ይጠጣል። አንተም ተመልሰህ ጠጣ ትላቸዋለህ። ሴቶቹ ወንዝ መውረድ ይቀርላቸዋል። ማን ይጎዳል?»

 የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። የሰፈሩ ልጆች በዓይኔ መጡ። ማማ ኬጂም መጡ፣ ልጃቸውን ማን እንደቀበረው ሳያውቁ ያረጁት ሴት። ቧንቧውን ዘጋሁት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

አራተኛው ቀን

ቁርስ ላይ ፓኦላ እያስተረጎመችልኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የማማ ኬጂን ቃል፣ ከዚያ ድንጋዩን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ያፈሰስኩትን። ጋሽ ኤቶሬ ዳቧቸውን አስቀመጡ። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ተነሡ።

ከምድር ቤቱ በታች ሌላ ምድር ቤት አለ፤ ከእሱም በታች ሌላ። ሁሉም ከዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ላሊበላን በፎቶ እንጂ በአካል አላየሁም፤ ግን የመጥረቢያው ምልክት በግድግዳው ላይ ሲታይ ያው የሰው እጅ ነው። በአንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ብዙ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች በረድፍ ተቆፍረዋል፤ ድሮ ርግብ ያረቡባቸው ነበር አሉ። ከሁሉ በታች በብረት ፍርግርግ የተከደነው ጉድጓድ አለ።

ክብ አልነበረም። ጠባብ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ አንድ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚቆምበት ነው። ጋሽ ኤቶሬ መብራት በገመድ ቁልቁል ለቀቁ። ግድግዳውን እያበራ ወረደ፣ ወረደ፤ ከታች ውሃው መብራቱን መልሶ አሳየን። ከዚያ ያየሁትን አየሁ። በሁለቱ ጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ከላይ እስከ ታች የእግር መርገጫ ተጠርቧል። በደረቴ ተኝቼ እጄን የመጀመሪያው ውስጥ ከተትኩ። ወለሉ ወደ ውስጥ ያዘቀዝቃል፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ጠርዝ ተትቶለታል፣ እርጥብ እግር እንዳይንሸራተት።

«ይህን አውቀዋለሁ» አልኩ።

ፓኦላ አስተረጎመች። «ከየት?» አሉ።

«ከቡሉክ።»

ነገርኳቸው። ዓለቱ ላይ ስንደርስ ሳንድሮ ቁፋሮውን አቁሞ በሁለቱ ጎን መርገጫ መጥረብ ጀመረ። ክረምት እየመጣ ነው፣ ገመድ አለን፣ ለምን ጊዜ እናጠፋለን አልኩት። «ገመዱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ መርገጫው ግን የራስህ ነው» አለኝ። ወለሉን ወደ ውስጥ አዘቀዘቀው፤ ጠርዙን ተወለት። አንዱን መርገጫ ሁለት ጊዜ አስጠርቦኛል። ለእነዚያ መርገጫዎች ባንዘገይ ኖሮ ሳይታመም ውሃውን ያየው ነበር እያልኩ ብዙ ተብሰልስያለሁ። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ያወቅሁት በደረቴ ተኝቼ እጄን ከአባቱ ጉድጓድ ውስጥ ስከት ነው።

ጋሽ ኤቶሬ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ፓኦላ መሐል ላይ እያቆመች፣ እየተነፈሰች ታስተረጉም ነበር።

«ልጅ ሆኖ እኔን ደብቆ በእነዚህ እየረገጠ ይወርድ ነበር። አድጎ ግን ጉድጓዱን ንቆት ሄደ። እዚህ ቤት ውስጥ መጨረሻ የነገረኝ፣ ‹አንተ የሞተ ጉድጓድ ለእንግዳ ታስጎበኛለህ፤ እኔ ሰው የሚጠጣበትን እቆፍራለሁ› ብሎ ነው። እኔም ሂድ አልኩት። ንቆት እንደሞተ ነበር የማውቀው።»

ከዚያ አለቀሱ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ እትዬ ዘውዴ ነግራኛለች። ከእግራቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አብሬ አለቀስኩ። መዝሙር አልመጣልኝም። ፓኦላም ከቆመችበት መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሦስታችን እዚያ ስንቆይ የሳንድሮን ስም ደጋግመው ሲጠሩ ሰማኋቸው።

ሲረጋጉ ባልዲ ለቀው ውሃ ቀዱና በጣሳ ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ዓለት ዓለት ይላል።

«ያንተስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላውቅም። እኔም አልቀመስኩትም።»

ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ሴትዮዋ ልክ ናቸው» አሉ። «ያልቀመስኩትን ውሃ ጠጡ ማለት አልችልም። እንዲህ ብሏል በላቸው።»

አምስተኛው ቀን

ፍርግርጉን ሳይቆልፉት አደሩ። ጠዋት ፓኦላ ሻንጣዬን ስትይዝልኝ ሽማግሌው ራሳቸው እስከ ገመዱ ባቡር ሸኙኝ። ያንኑ ጨው የሌለው ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ባቡሩ ሊነሣ ሲል፣ ቡሉክ ይሞቃል ወይ፣ ኮት ያስፈልጋል ወይ ብለው አስጠየቁኝ። አያስፈልግም አልኩ። ስለ አየሩ ጨዋታ ነው ያነሡት መሰለኝ።

ጁባ ስገባ በቀጥታ ወደ ማማ ኬጂ ሄድኩ። ውሃው መንገድ ላይ እንደፈሰሰ፣ ሽማግሌውም ያልቀመሱትን እንደማይፈቅዱ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ከሌላ ቦታ ሞልተህ አልመጣህም?» አሉኝ።

«አልሞላሁም።»

«ኩዌስ» አሉ፤ ጥሩ ማለት ነው። «እንጠብቃለን።»

ሴቶቹ ግን ይቅር አላሉኝም። ጀሪካን ተሸክመው ሲያልፉ «ውሃ አፍሳሹ ሃበሻ!» እያሉ ያሽሟጥጡኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ አቧራ ሲሆን ፓኦላ ደወለች። በሳምንቱ ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ጠበቅሁ። ጋሽ ኤቶሬ ከልጃቸው ጋር ከሕዝቡ መሐል ወጡ፤ ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ያ ኮት በክንዳቸው ላይ ነው። እኔን ሲያዩ ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ባዶ ጠርሙስ አወጡ። ከጉድጓዳቸው ለማማ ኬጂ ሞልተው፣ ከእጃቸው ሳይለዩት ይዘው ተነሥተው ነበር።

«ሮም ላይ ውሃውን አስደፉን» አለች ፓኦላ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ዘቅዝቀው አራገፉልኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ አቀፉኝ።

ቡሉክ ስንደርስ ማማ ኬጂ ተነሥተው ቆመው ነበር። ሁለቱ አረጋውያን ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ የሚግባቡበት አንድም ቃል አልነበራቸውም። ድንጋዩን አነሣን፤ ቆርቆሮውን አነሣን። ከአፉ ሥር ያለው ግንብ ስለሆነ መርገጫዎቹ ከታች ዓለቱ ላይ ነው የሚጀምሩት። በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ለጋሽ ኤቶሬ መለስኩላቸው። አጎንብሰው አዩ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ፣ ግንበኛ የሌላ ግንበኛ ሥራ እንደሚያይ።

ከዚያ ቀዳሁላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ጎነጩ፤ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፤ ዋጡት።

«ፌሮ» አሉ።

«ምን አለ?» አሉኝ ማማ ኬጂ።

«ብረት ብረት ይላል ነው የሚሉት።»

ሽማግሌው ጣሳውን አንሥተው ደገሙ፤ እስከ ታች ጨረሱት። ማማ ኬጂ የራሳቸውን ጣሳ ዘረጉ። ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ጠጣሁ። እውነትም ብረት ብረት ይላል።